ምግቡ መጋዘን ድረስ መጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ የእኛ ነው

በዋሽንግተንና አካባቢዋ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! የዕረፍት ቀናችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ኑ፣ ተቀመጡ። ልጆች የያዛችሁም አትሳቀቁ፣ ይጫወቱ።

ዛሬ የምናወራው ስለ ረሃብ ነው። ስለ አገር ቤቱ አይደለም። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እዚሁ አሌክሳንድሪያ፣ እኛ በምንኖርባቸው አፓርታማዎች ውስጥ ስላለው ረሃብ ነው። «አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ማን ይራባል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ለተቸገረ ሰው የሚሆን ምግብ እየሰበሰበ የሚያከፋፍለው የአካባቢያችን ፉድ ባንክ፣ ካፒታል ኤርያ ፉድ ባንክ፣ በየዓመቱ ጥናት ያወጣል። በ2024ቱ ጥናት መሠረት በዚህ አካባቢ ከሚኖረው ሰው 37 በመቶው በዓመቱ ውስጥ በቂ ምግብ የማግኘት ዋስትና አልነበረውም። በ2023ቱ ጥናት 32 በመቶ ነበር። ከሦስት ሰው አንዱ፣ ከዚያም በላይ ማለት ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ቁጠሩ ብላችሁ አስቡት።

ይህ ረሃብ መንገድ ላይ ወድቆ አይታይም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ምሳ ስለሚያገኙ እናት የራሷን ምሳ የምትዘልበት ረሃብ ነው። ኪራይ የተከፈለበት ሳምንት በሻይና በዳቦ የሚገፋበት ነው። አንዲት እማማ የደም ግፊት መድኃኒታቸውንና አስቤዛቸውን የሚያማርጡበት ነው። በሩ ሲንኳኳ ደግሞ «ግቡ፣ ቡና ጠጡ» ይባላል። እኛ እንዲህ ነን፤ ገመናችን ከቤት አይወጣም።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ምግቡ ከየት መጥቶ እንዴት እንደሚደርስ። ሁለተኛ፣ ቤተሰብ ከዚህ እንዴት እንደሚጠቀምና ምን ላይ እንደሚሰናከል። ሦስተኛ፣ ዋናው የመጣሁበት ጉዳይ ይሄ ነው፣ ቤተ ክርስቲያናችን፣ መስጊዳችን፣ ማኅበራችን እንዴት ራሱ ማከፋፈያ ሊሆን እንደሚችል።

ወደ አንደኛው ልግባ።

ብዙዎቻችን «ፉድ ባንክ ሄድኩ» የምንለው ፓንትሪ ሄደን ነው። መርካቶ ያለውን ጅምላ አከፋፋይና የሰፈራችሁን ሱቅ አስቡ። ፉድ ባንኩ ጅምላ አከፋፋዩ ነው፤ ፓንትሪው የሰፈሩ ሱቅ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ማንም ብር አይቀበልም። ካፒታል ኤርያ ፉድ ባንክ በ1980 ተቋቋመ። ዋናው መጋዘኑ በሰሜን ምሥራቅ ዋሽንግተን፣ ፖርቶ ሪኮ አቬኑ ላይ ነው፤ በ2012 ተከፈተ፤ ስፋቱ 123,000 ስኩዌር ፊት ነው። ሎርተን፣ ቨርጂኒያ ደግሞ ሌላ ማከፋፈያ አለው። ዲሲን፣ በሜሪላንድ ሞንትጎመሪንና ፕሪንስ ጆርጅስን፣ በቨርጂኒያ በኩል ደግሞ አርሊንግተንን፣ አሌክሳንድሪያን፣ ፌርፋክስንና ፕሪንስ ዊልያምን ያገለግላል። ምግቡን ለሰው የሚያድሉት ግን በሥሩ ያሉት ከ400 በላይ ድርጅቶች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናት፣ የማኅበረሰብ ማዕከላት፣ ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮች። እሱ ራሱ ደግሞ ፊዲንግ አሜሪካ በሚባለው፣ 200 ያህል ፉድ ባንኮችን ባቀፈው አገር አቀፍ መረብ ውስጥ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1967 ፊኒክስ፣ አሪዞና ውስጥ ነው። ጆን ቫን ሄንገል የሚባል ጡረታ የወጣ ነጋዴ በበጎ ፈቃድ ድሆችን ያበላ ነበር። ልጆቿን የምታበላው አጥታ ከሱፐርማርኬት ጀርባ ከተጣለው ውስጥ የሚበላ የምትለቅም አንዲት እናት አገኘ። ሄዶ አየ፤ ገና የሚበላ ምግብ ነው የሚጣለው። እዚያው ያለችው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን አሮጌ ሕንፃና ጥቂት ገንዘብ ሰጠችው። የዓለም የመጀመሪያው ፉድ ባንክ እንዲህ ተነሣ። ልብ በሉ፤ መነሻዋ አንዲት እናት የምታውቀው ነገር ነው። ምግቡ እንዳለ ታውቅ ነበር። ዛሬም ያው ነው፤ ምግቡ አለ።

ታዲያ ከየት ይመጣል? አንዱ ትልቅ ምንጭ ሱፐርማርኬት ነው። ዳቦ፣ አትክልት፣ ወተት፣ ሥጋ። ሥጋው በማሸጊያው ላይ ያለው ቀን ከማለፉ በፊት መደብሩ ውስጥ ፍሪዘር ይገባል፤ ከዚያ እንደ በረደ ይጫናል። ሁለተኛው ፋብሪካዎችና ትልልቅ እርሻዎች ናቸው፤ መለያው ተጣሞ የተለጠፈበት ጣሳ፣ ከታዘዘው በላይ የተመረተ ፓስታ፣ መልኩ ለገበያ ያላማረ ካሮት። ሦስተኛው የፌዴራል መንግሥት ነው፤ የግብርና ሚኒስቴር ከገበሬ ገዝቶ ቴፋፕ በሚባለው ፕሮግራም ይልካል። አራተኛው ፉድ ባንኩ በሚለገሰው ገንዘብ በጅምላ የሚገዛው ነው። እኛ በካርቶን የምንሰበስበው ጣሳ ከእነዚህ ሁሉ ትንሹ ነው። ስለዚህ መርዳት የምትፈልጉ 20 ዶላር ካላችሁ ሱቅ ገብታችሁ ጣሳ ከምትገዙ ገንዘቡን ስጡ፤ በጅምላ ዋጋ የበለጠ ምግብ ይሆናል።

«መደብሩ ሰው ቢታመምስ ብሎ አይፈራም?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ1996 የፈረሙት፣ በሚዙሪው የምክር ቤት አባል በቢል ኤመርሰን ስም የተሰየመው ሕግ በቅን ልቦና ምግብ የሚለግስን ከተጠያቂነት ይጠብቃል። ከባድ ቸልተኝነት ካልፈጸመ በቀር ማለት ነው። ምግብ ቤት ያላችሁ፣ የእንጀራ ፋብሪካና ግሮሰሪ ያላችሁ፣ ይህን ያዙ። ሕጉ እናንተንም ይጠብቃል።

አሁን መጋዘኑ ውስጥ እንግባ። የጭነት መኪናው ሲደርስ መጀመሪያ የሚለካው ሙቀቱ ነው። ቀዝቃዛ ምግብ ከ40 ፋራናይት፣ በእኛ አቆጣጠር 4 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ መብለጥ የለበትም። የበረደው 0 ፋራናይት ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ቴርሞሜትሩ ካርቶኑ ላይ አይደለም የሚደረገው፤ በሁለት እሽጎች መካከል ገብቶ ይቆያል። ካርቶኑ ቀዝቅዞ ውስጡ ሊሞቅ ይችላልና። ከዚያ ቁጥሩ፣ ሰዓቱና የተቀባዩ ስም ይጻፋል። ይህች ወረቀት ከሌለች ወተቱ ቢያምርም ወተት አይባልም።

ቀጥሎ መለየት ነው። በጎ ፈቃደኞች ጠረጴዛ ዙሪያ ይቆማሉ፤ ፊታቸው የሙዝ ካርቶን ይደረደራል። በየትኛውም የአሜሪካ ፉድ ባንክ ብትሄዱ የሙዝ ካርቶን ታገኛላችሁ፤ ጠንካራ ነው፣ ክዳንና መያዣ አለው፣ ሱፐርማርኬት ደግሞ በነፃ ይሰጠዋል። መሃሉ ግን ክፍት ነው። ስለዚህ ጣሳ ከመግባቱ በፊት ታቹ ላይ ሌላ ካርቶን ይነጠፋል፤ አለዚያ ሲነሣ ጣሳው እግር ላይ ይወርዳል።

ጣሳው እንዴት ነው የሚታየው? ጎኑ ላይ ትንሽ ጭርምት ያለው ችግር የለውም፤ ይበላል። ጣታችሁን በላይኛውና በታችኛው ከንፈር ዙሪያ አዙሩ፤ ጭርምቱ ከንፈሩን ወይም ስፌቱን ከነካ ይጣላል፤ አየር ገብቶበት ሊሆን ይችላልና። ጣሳው ካበጠ፣ ክዳኑ ስትጫኑት ከፍ ዝቅ ካለ፣ ካፈሰሰ፣ አይከፈትም፤ አይቀመስም፤ ይጣላል። ቦቱሊዝም የሚባለውን ሕመም የሚያመጣው መርዝ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል። ቤት ውስጥ ተዘጋጅቶ በብልቃጥ የታሸገ ምግብም አይወሰድም፣ ምንም ያህል ቢጣፍጥ።

ቀኑስ? እማማዎች «ቀኑ ያለፈበት ምግብ ነው የሚሰጡን» ብለው የሚቀየሙበት ጉዳይ ስለሆነ ቆም ብዬ ላስረዳ። የሕፃን ፎርሙላ ወተት ላይ ያለው ቀን ሕግ ነው፤ ካለፈ አይሰጥም። ሌላው ላይ «ቤስት ባይ» ተብሎ የሚጻፈው አምራቹ ጣዕሙ እስከዚህ ድረስ እንደዚህ ነው የሚልበት ቀን ነው። ደረቅ ፓስታ፣ ጤናማ ጣሳ፣ ሩዝ፣ በአግባቡ ከተቀመጡ ቀኑ ካለፈም በኋላ ይበላሉ። ንቀት አይደለም፤ ማንም የተናቀ አይምሰለው።

ከዚህ በፊት የነበረን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ለሦስተኛው ነጥቤ ይጠቅመኛል። ፊዲንግ አሜሪካ ከ2005 በፊት ምግብ የሚያከፋፍለው በተራ ነበር። ተራው የደረሰው ፉድ ባንክ ስልክ ይደወልለታል፤ «ይህን ያህል ምግብ አለ፣ ትወስዳለህ አትወስድም?» ይባላል። ማእከሉ እያንዳንዱ ፉድ ባንክ መጋዘን ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ ድንች ለሚያመርተው ለአይዳሆ ድንች ይላካል። ስንት በከንቱ ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና፣ ስንት ነዳጅ! የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤት መምህራን ተጠርተው አዲስ አሠራር ቀረጹ፤ በ2005 ተጀመረ። ለየፉድ ባንኩ በአካባቢው ችግር መጠን የመግዣ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ብር አይደለም፤ በዚያ ነጥብ ይጫረታል። የለውዝ ቅቤና ፓስታ ውድ ሆኑ፤ ቶሎ የሚበላሸው አትክልት ርካሽ ሆነ። የሚፈልገውን የሚያውቀው ባለቤቱ ስለሆነ ምግቡ ወደሚፈለግበት መሄድ ጀመረ። የሚፈለገውን የሚነግር ከሌለ ግን ቢሊዮን ዶላር ያለው ድርጅትም ድንች ለድንች አገር ይልካል። ይህን ያዙልኝ።

ሁለተኛው ነጥብ። ቤተሰብ እንዴት ይጠቀም?

በመጀመሪያ፣ ፓንትሪ ስትሄዱ ምን ትጠየቃላችሁ? ስም፣ አድራሻ፣ ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ፣ ገቢያችሁ ከተቀመጠው ወሰን በታች መሆኑን በፊርማችሁ ማረጋገጥ። ለመንግሥቱ ቴፋፕ ምግብ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አይጠየቅም፤ የዜግነት ወረቀት አይጠየቅም። «ግሪን ካርድ ስጠይቅ ይቆጠርብኛል» ብሎ የሚፈራ አለ። ከ1999ኙ መመሪያ ጀምሮ፣ ጥብቅ የተባለው የ2019ኙም ሆነ የ2022ቱ ደንብ፣ የፓንትሪ ምግብን «የመንግሥት ሸክም» በሚባለው መመዘኛ ውስጥ አላስገቡም። ድሮ ፉድ ስታምፕ የምንለው፣ መንግሥት ለምግብ መግዣ በካርድ የሚሰጠው ስናፕ ላይ ግን ደንቡ ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው ተቀያይሯል። ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ስለ ስናፕ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ፤ ጎረቤት አትጠይቁ። እባካችሁ፣ ጎረቤት አትጠይቁ።

ስንት ነው የሚሰጠው? ፉድ ባንኮች የሚቆጥሩት 1.2 ፓውንድ ምግብን እንደ አንድ የአንድ ሰው ማዕድ አድርገው ነው። እናም 36 ፓውንድ ይዛችሁ ብትመለሱ 30 ማዕድ ነው። አራት ሰው ያለበት ቤት ይህ ለሁለት ቀን ተኩል ይበቃል። አያችሁ? ፓንትሪ ብቻውን ቤተሰብ አያቆምም። ጉድጓድ ይሞላል እንጂ ወሩን አይሸፍንም። ወሩን የሚሸፍነው ስናፕ ነው። ፊዲንግ አሜሪካ ራሱ የሚለው፣ የፉድ ባንኮች መረብ ለሚሰጠው ለአንድ ማዕድ ስናፕ ዘጠኝ ይሰጣል። በኅዳር 2025፣ መንግሥት ተዘግቶ የስናፕ ክፍያ በዘገየበት ጊዜ፣ ይህ በተግባር ታየ። የፓንትሪ ሰልፍ ረዘመ። አንዱ ዘጠኙን ሊተካ አይችልም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ደግሞ የግብርና ሚኒስቴር ለፉድ ባንኮች ሊልከው ከነበረው 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ምግብ አስቀርቶ ነበር።

ስለዚህ ስናፕ የሚገባችሁ ሁሉ አመልክቱ። አሠራሩን ላስረዳ። ስም፣ አድራሻና ፊርማ ብቻ ያለበት ፎርም ማስገባት ይቻላል። ብቁ ከሆናችሁ ክፍያው የሚቆጠረው ፎርሙ ከገባበት ቀን ነው፤ ስለዚህ «ማስረጃ ላሟላ» ብላችሁ ሁለት ሳምንት አትቆዩ። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። የወር ገቢያችሁ ከ150 ዶላር በታች ሆኖ በእጃችሁ ያለው ከ100 ዶላር ካልበለጠ፣ ወይም ኪራይና መብራት ተደምሮ ከገቢያችሁና በእጃችሁ ካለው ገንዘብ ከበለጠ፣ በ7 ቀን ውስጥ ነው። ይህን ራሳችሁ ተናገሩ፤ አስቸኳይ ነው በሉ።

ሰው የሚወድቀው የት ነው? ብቁ ባለመሆን አይደለም ብዙው የሚወድቀው። በስልክ ነው! ለቃለ መጠይቅ የማታውቁት ቁጥር ይደውላል፤ እኛ ደግሞ የማናውቀውን ቁጥር አናነሣም። ካመለጣችሁ በዚያው ቀን መልሳችሁ ደውሉ። አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ። ዲሲ ውስጥ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛ አስፈላጊ ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። «አማርኛ» ብላችሁ ጠብቁ፤ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ አታስተርጉሙ። ሁለተኛው መውደቂያ የእድሳት ደብዳቤ ነው። በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ ማስታወቂያ መስሎን ይጣላል፣ በወሩ ካርዱ ባዶ ይሆናል። ከመንግሥት የመጣ ፖስታ አትጣሉ። ካላነበባችሁት ሰው ጋር ውሰዱት።

አንድ ከባድ ነገርም አለ፤ መናገር አለብኝ። በሐምሌ 2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ በሪፊዩጂነት የመጡ ስደተኞችና ጥገኝነት የተሰጣቸው ሰዎች ግሪን ካርድ ሳይዙ ስናፕ እንዳያገኙ አድርጓል። ከእኛ ወገን ስንቱን እንደሚነካ ታውቃላችሁ። ግሪን ካርዱ ሲመጣ ወዲያው ጠይቁ። ወላጅ ባይገባውም እዚህ የተወለዱ ልጆች በራሳቸው ይገባቸዋል፤ ማመልከቻው ለልጆቹ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በካርዱ ምን ይገዛል? ጤፍ ይገዛል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምስር ይገዛል። ግሮሰሪው ኢቢቲ የሚባለውን ይህን ካርድ የሚቀበል ከሆነ እንጀራም ይገዛል። ትኩስ የተሠራ ምግብ፣ ሳሙና፣ ዳይፐር አይገዛም። ዕድሜያችሁ 60 የሞላ፣ ገቢያችሁም ዝቅተኛ የሆነ አባቶችና እናቶች ደግሞ ለብቻ የተመደበ የወር ካርቶን አለላችሁ፤ ወተት፣ አይብ፣ ሩዝ ወይም ፓስታ፣ የታሸገ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ባቄላ ወይም የለውዝ ቅቤ ይኖርበታል። ዲሲ ውስጥ «ግሮሰሪ ፕላስ» ይሉታል። ስናፕ ብታገኙም ይህን ማግኘት ትችላላችሁ፤ አንዱ አንዱን አይከለክልም።

አሁን ሦስተኛው። ለዚህ ነው የመጣሁት።

አንዲት እናት በዐቢይ ጾም ውስጥ ፓንትሪ ሄዳ አስቀድሞ የታሸገ ካርቶን ተሰጣት እንበል። ውስጡ ዶሮ፣ አይብ፣ ወተት፣ የአሳማ ሥጋ ያለበት የባቄላ ጣሳ። ጾሙ 55 ቀን ነው። ከጾም ውጭም ረቡዕና ዓርብ አለ። ዶሮውን ፍሪዘር ታስገባ፤ ወተቱስ? አይቡስ? የባቄላውን ጣሳ ደግሞ ጾም ቢፈታም አትበላውም፤ ሙስሊም ጎረቤቷም አይበላውም። ሳታነብ ከፍታው ይሆናል፤ «ላርድ» የሚል ቃል ካለበት የአሳማ ስብ ነውና መለያውን እዩ። ይህች እናት ሁለተኛ አትመለስም። አመስግና ወስዳ ግማሹን ትጥለዋለች፤ ፓንትሪው ደግሞ ረድቻለሁ ብሎ ይጽፋል። ማንም ክፉ አላሰበም። ነገር ግን ድንች ለአይዳሆ ተላከ።

እዚያው መጋዘን ውስጥ እኮ ምስር አለ! አተር ክክ አለ፣ ሽምብራ በጣሳ አለ፣ ሩዝ አለ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ድንች፣ ሽንኩርት በጆንያ አለ። ምስር የማይታዘዝበት ፓንትሪ ሞልቷል፤ ምን እንደሚሠራበት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ። እኛ እናውቃለን። ምግቡ አለ፤ አዛዡ የለም። ታዲያ ለምን አናዝም?

አባል ድርጅት መሆን የሚቻለው እንዲህ ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ከግብር ነፃ ፈቃድ ያለው ማኅበር መሆን ያስፈልጋል። የሚቆለፍ፣ ደረቅ፣ አይጥና በረሮ የሌለበት ክፍል። ምግብ ወለል ላይ አይቀመጥም፤ ቢያንስ 6 ኢንች ከፍ ይላል፣ ከግድግዳም ይርቃል፤ ማጽጃና ኬሚካል ከምግብ ጋር አንድ መደርደሪያ አይጋራም። ፍሪጅና ፍሪዘር ካላችሁ በውስጣቸው ቴርሞሜትር ይኖራል፤ ሙቀቱ በየጊዜው ተለክቶ ይጻፋል። ቢያንስ አንድ ሰው የምግብ ደህንነት ሥልጠና ይወስዳል። የመንግሥት ምግብ የሚያድሉ ደግሞ በየዓመቱ የዜጎች መብት ሥልጠና ይወስዳሉ። ፉድ ባንኩ እየመጣ ይመረምራል፤ መዝገቡን ያያል፣ ፍሪጁን ይከፍታል።

ከዚያ አራት የማይታለፉ ነገሮች አሉ፤ እኛ ልንወድቅባቸው የምንችል ስለሆኑ በግልጽ እናገራለሁ። ምግቡ አይሸጥም፤ በልዋጭ አይሰጥም፤ «ትንሽ ለቤተ ክርስቲያን ጣል አድርጉ» አይባልም። ለአባል ብቻ አይሰጥም፤ በሩ ላይ የቆመው የሳልቫዶር ሰው፣ የናይጄሪያ ሰው፣ ከእኛ የተጣላው ማኅበር ሰው፣ ሁሉም እኩል ነው። ጸሎት ወይም ስብከት ካልሰማህ አይባልም። በጎ ፈቃደኞችም በሩ ሳይከፈት የተሻለውን ለይተው ለዘመድ አያስቀምጡም። ሰው ይህን ያያል፤ ተናግሮ አይመለስም፣ ዝም ብሎ ይቀራል።

ትእዛዙስ እንዴት ይሰላል? «ነፃ ነው» ተብሎ ብዙ አይታዘዝም፤ ነፃ ነው ተብሎ የታዘዘ ጎመን ረቡዕ ሲበሰብስ ቆሻሻውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። 60 ቤተሰብ ይመጣል እንበል። ለቤት 5 ፓውንድ ሽንኩርት ብትሰጡ 300 ፓውንድ ነው፤ ባለ 50 ፓውንድ ጆንያ ስድስት። ጥቅል ጎመን ለቤት አንድ ራስ፤ በአንድ ባለ 50 ፓውንድ ካርቶን ከ16 እስከ 20 ራስ ስለሚገባ አራት ካርቶን ይበቃል። 200 ፓውንድ መሆኑ ነው። ምስር ለቤት 2 ፓውንድ፣ 120 ፓውንድ። ሩዝ ለቤት 5፣ ሌላ 300። ተደምሮ 920 ፓውንድ። ይህን አንድ ሴዳን አይሸከምም፤ አንድ ሚኒቫን ሁለት ሰው ብቻ አስቀምጦ ወንበሩን አውጥቶ ይሞክረዋል፤ ሁለት መኪና ቢሆን ይሻላል። አንድ ሙሉ ፓሌት እስከ 2,000 ፓውንድ ሊመዝን ስለሚችል ከመሄዳችሁ በፊት ክብደቱን ጠይቁ። ፍሪዘር ውስጥ የነበረ ነገር ካዘዛችሁ ደግሞ ትልቅ የበረዶ ሣጥን ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ይዛችሁ ሂዱ፤ መንገድ ላይ ቀልጦ የደረሰ ዶሮ እንደገና አይበረድም።

በማደያው ቀን ካርቶን አስቀድማችሁ አታሽጉ፤ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩና ሰው ይምረጥ። ከሽንኩርቱ ይህን ያህል፣ ከጥራጥሬው ሁለት ከረጢት ብላችሁ ጽፋችሁ ለጥፉ፤ የሚጾም ወተቱን ይለፈው፣ ሃላል የሚፈልግ ሥጋውን ይለፈው። የተለፈው ለሚቀጥለው ሰው ይሆናል። ሰዓት ከፋፍላችሁ ቀጠሮ ስጡ፤ በአሜሪካ ሰዓት ጠዋት 10 ላይ ሃያ ቤተሰብ፣ 11 ላይ ሃያ። አለዚያ ሰው ከንጋት ጀምሮ ይሰለፋል፤ ረጅም ሰልፍ ደግሞ በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ የሚያየው ገመና ነው። በሩ ከዋናው መንገድ በኩል ባይሆን ይመረጣል። ካሜራ አይነሣ። ለፌስቡክ ብላችሁ የሰው እጅ ከነካርቶኑ ፎቶ አታንሡ፤ እለምናችኋለሁ።

የሚፈርሰውስ በምን ነው? በድካም ነው። ሲጀመር ሰላሳ ሰው ይመዘገባል፤ በሦስተኛው ወር አራት እናቶች ብቻ ይቀራሉ። እነሱ ሲደክሙ በሩ ሳይነገር ይዘጋል፤ በአውቶቡስ የመጡት እማማ የተዘጋ በር አይተው ይመለሳሉ። ስለዚህ በየሳምንቱ ብላችሁ አትጀምሩ። በወር ሁለት ቀን በሉ፤ ቀኑን ግን አትሳቱ፣ ፋሲካም ቢሆን ገናም ቢሆን ቀኑ ከተቀየረ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ወጣቶቹን አስገቡ፤ ትምህርት ቤት ለምርቃት የበጎ አገልግሎት ሰዓት የሚጠይቃቸው ሞንትጎመሪ ውስጥ ስንት ልጆች አሉን! ጭነቱን እነሱ ያንሡ፤ መዝገቡን እናቶች ይያዙ፤ ትእዛዙን አንድ ኮምፒውተር የሚችል ሰው ይላክ። መኪና ያላቸው በየወሩ ይፈራረቁ፣ ስማቸው ተጽፎ።

ይህን ሁሉ ለመሥራት የማይችል ማኅበር ካለ፣ ቢያንስ ቅርባችሁ ያለው ፓንትሪ ዘንድ ሄዳችሁ ሁለት ነገር ንገሩ፤ ምስር፣ ክክና ሽምብራ እዘዙ፣ በሩ ላይ በአማርኛ እንለጥፍላችሁ። አንድ ሰው፣ አንድ ከሰዓት። በጎ ፈቃደኛ ሆኖ የሚቆም አንድ አማርኛ ተናጋሪ ካለ እማማዎቹ ራሳቸው ይመጣሉ።

ጊዜዬ አለቀ። እዚያ ጥግ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ወረቀት አለ። ነጩ የየሰፈሩ ፓንትሪዎች ቀንና ሰዓት ነው፤ ማንም ሳይጠይቃችሁ አንሡ። ቢጫው ለሾፌሮች ነው፤ ሚኒቫን ያላችሁ ስማችሁን ጻፉ። ሰማያዊው የማኅበር ኃላፊዎች የሚሞሉት የአባልነት መጠየቂያ ነው። ከስናፕ መሥሪያ ቤት ያልገባችሁ ደብዳቤ የያዛችሁ አትሂዱ፤ ከጥያቄና መልሱ በኋላ ለብቻችን እናነባለን። እግዚአብሔር ያክብርልን፣ አላህ ይስጥልን። አሁን ጥያቄ ያላችሁ፣ ከኋላ ካሉት እንጀምር።